«ይሠራል» ማለት ምን ማለት ነው?
(ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በብድር ማመልከቻ ቅጻችን ላይ «የባለቤትሽ የሥራ ሁኔታ» የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ነው። ዛሬ ለጉባኤው ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ፣ ባሏ «አይሠራም» የተባለች አባል የብድር ጣሪያዋ ዝቅ እንዲል ይጠይቃል። እኛ የሂሳብ ክፍሉ ባልደረቦች ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ይህ ቃል ምን እንደሚለካ ልናስረዳ ፈለግን።

የወንዶች የሥራ አኃዝ ጥቅም የለውም አንልም። ወንድ በወሊድ ወይም ልጅ በመያዝ ምክንያት ከሥራ የሚወጣው ጥቂት ስለሆነ፣ ቁጥሩ ድንገት ሲወርድ የቀጣሪው ገበያ መቀዝቀዙን ያመለክታል። ባለሙያዎችም የሚከታተሉት ለዚህ ነው። ችግሩ አኃዙ ብቻውን ሲነበብ ነው።

የሀገራችንን ጥናት እንይ። የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2005 ባደረገው የሠራተኛ ኃይል ጥናት ሥራ አጥነት 5.0 በመቶ ነበር፤ የወንዶች 2.5፣ የሴቶች 7.8። እ.ኤ.አ. በ2013 ጠቅላላው ወደ 4.5 ወረደ። የሴቶቹ ወደ 6.5 ሲወርድ የወንዶቹ ግን ወደ 2.7 ከፍ አለ። የወንዶቹን ብቻ ያነበበ ሰው ነገሩ ባሰ ይላል፤ ጠቅላላውን ያነበበ ተሻለ ይላል። የሴቶቹ ሥራ አጥነት ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ መሆኑን ግን ሁለቱም አያዩም። በዚያው በ2013 በገጠር ሥራ አጥነት 2.0 በመቶ ሲሆን በከተማ 16.5 ነበር። እኛ የምንኖረው ከተማ ነው፤ ሀገር አቀፉ አማካይ የእኛን ሰፈር አይገልጽም።

ሁለተኛው ጉዳይ የቃሉ ትርጉም ነው። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መስፈርት በሳምንቱ ውስጥ ለክፍያ ወይም ለትርፍ አንድ ሰዓት እንኳ የሠራ ሰው «ሥራ ያለው» ተብሎ ይቆጠራል። ሥራ መፈለግ የተወ ሰው ደግሞ ከሥራ አጦች መዝገብ ይወጣል። ምግብ ማብሰል፣ ልጅ ማሳደግ፣ በሽተኛ ማስታመም በዚህ ቆጠራ ሥራ አይባሉም።

በምሳሌ እንየው። አሥር ባሎች አሉ እንበል። ስድስቱ በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራሉ። ሦስቱ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ በየጠዋቱ ወጥተው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሥራ ያገኛሉ። አንዱ እየፈለገ ምንም አላገኘም። በመስፈርቱ ዘጠኙ ሠራተኞች ናቸው፤ ሥራ አጥነት 10 በመቶ ነው። ቀኖቹን ስንደምር ግን ሊሠራባቸው ከሚችሉ 60 ቀናት የተሠራባቸው 39 ናቸው፤ 65 በመቶ ማለት ነው። ቤት ኪራይና አስቤዛ የሚከፈለው ከእነዚህ ከ39ኙ ቀናት ነው።

እንግዲህ ቅጻችን ላይ የሦስቱ ሚስቶች «ይሠራል» ብለው ይሞላሉ፤ ጣሪያቸው አይነካም። የአሥረኛዋ ባል ሥራ ፈት ስለሆነ ብቻ እሷ ትቀነሳለች፤ ምናልባት ግን እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ብድሩን የምትከፍለውም እሷ እንጂ ባሏ አይደለም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ይሠራል ወይስ አይሠራም» የሚለው ቀርቶ ባልም ሚስትም ባለፈው ወር ስንት ቀን ሠርተው ስንት ብር እንዳገኙ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ የብድር ጣሪያ የሚወሰነው በአባሏ የቁጠባ ደብተርና በራሷ ገቢ ይሁን። ሦስተኛ፣ ለደጋፊዎቻችን በምንልከው ሪፖርት የሴትና የወንድ አኃዝ ተለይቶ፣ ከሥራ ቀናት ብዛት ጋር ይቅረብ።

ይህ ለሂሳብ ክፍሉ ሥራ ይጨምራል፤ እናውቃለን። ነገር ግን ገንዘቡ የአባላት ቁጠባ ነው። ማን ተበድራ መክፈል እንደምትችል የምንወስነው በትክክለኛው መለኪያ መሆን አለበት። ድምፃችሁን ስትሰጡ ይህን እንድታስቡበት በአክብሮት እንጠይቃለን።