ከአስቸጋሪ ጎረቤት ጋር ስለ መኖር
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ «ስለ ጉርብትና ተናገር» ሲለኝ ለምን እኔን እንደ መረጠ ገብቶኛል። ሱቄን የምታውቁ ሁሉ ጎረቤቴንም ታውቋቸዋላችሁ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሽማግሌው በግቢያቸው አሥራ አንድ ፍየል ያረባሉ። በሐርጌሳ ፍየል ጎዳና ላይ መዋሉ አዲስ ነገር አይደለም፤ የእሳቸው ፍየሎች ግን የሚውሉት እኔ ሱቅ ደጃፍ ነው። ካርቶን ይበላሉ፣ ሽንኩርት ይበላሉ፣ አንድ ጊዜ የዱቤ ደብተሬን እስከ ግማሹ በልተውታል። (የማን ዕዳ እንደ ተበላ አልናገርም፤ እዚሁ ተቀምጠዋል።) ከዚያ ደግሞ ሬዲዮው አለ። የቢቢሲ ሶማሊኛ ዜና ሲጀምር ሰፈሩ በሙሉ ሳይወድ በግዱ ያዳምጣል።

ብዙዎቻችሁ «ለፖሊስ አመልክት» ብላችሁኛል። አከራዬ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ «ጭቅጭቁ ከጠና ሰፈሩን ለቅቆ የሚሄደው ማን ይመስልሃል?» መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የጎረቤት ጠብ በአገራችን የሁለት ሰዎች ጠብ ነው። እዚህ ግን «ኢትዮጵያዊው እንዲህ አደረገ» ይባልና ለሁላችንም ይተርፋል።

እኔ የሐረር ልጅ ነኝ። ሐረሪዎች ጅብን «ወራባ» ይሉታል፤ እዚህም «ወራቤ» ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ ሌሊት ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ጅቡ ይገባል፣ አጥንቱንና ትርፍራፊውን ለቃቅሞ ሳይነጋ ይወጣል። በአሹራ ጊዜ ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርብለታል፤ ደህና አድርጎ ከበላ ዓመቱ መልካም ነው ይባላል። ዩሱፍ ሙሜና ልጃቸው አባስ ደግሞ ሥጋውን በእንጨት ሰክተው፣ እንጨቱን በጥርሳቸው ይዘው ሲያበሉ የዓለም ጎብኚ ሊያያቸው ይመጣ ነበር። የሐረር ሰው ይህን ያደረገው ጅብን ወዶት አይደለም፤ እናቴ ድምፁን ስትሰማ በሩን ሁለት ጊዜ ትቆልፍ ነበር። ነገር ግን መግቢያና ሰዓት ሰጠው።

እኔም ለፍየሎቹ መግቢያ ሰጠኋቸው። የጎመኑን ቅጠልና የድንቹን ልጣጭ ማታ ማታ ከሱቁ ጓሮ አስቀምጥላቸዋለሁ። አሁን ደጃፌ ላይ የሚቆም የለም፤ አንዲት ቀይ ፍየል ብቻ አልመለስ ብላለች።

ቀጥሎ ሽማግሌውን ቡና ጠራኋቸው። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል፤ እሳቸው ግን ለካ በደንብ ያውቁናል። ከመጀመሪያው ስኒ በኋላ በአማርኛ «ጨምር» አሉኝ! እ.ኤ.አ. በ1988 የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ ቤተሰባቸውን ይዘው በጅጅጋ በኩል ወዳለው ሐርተ ሼክ ሸሽተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በተዘጋው በዚያ የስደተኞች ጣቢያ ዓመታት ኖረዋል። ጆሯቸውም የተጎዳው በዚያው ድብደባ ነው። ያ ሰፈር የሚያናውጥ ሬዲዮ ለእሳቸው በጭንቅ ነው የሚሰማቸው።

ከዚያ በኋላ ሬዲዮው ቀነሰ ብዬ አልዋሻችሁም። ባለቤቴ አሁንም ጆሮዋን በጥጥ ትደፍናለች። ባለፈው ወር በጆሮ የሚደረግ ማዳመጫ ገዝቼ ሰጥቻቸው፣ በጣም ደስ ብሏቸው፣ ሁለት ቀን ሰፈሩ ጸጥ አለ። በሦስተኛው ቀን ቀይዋ ፍየል ገመዱን በላችው።