አስታማሚዋን ማን ያስታምማት?

ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በባሕር ዳር የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገረው በአንዲት ቅጽበት ስለሚደርስ፣ ቤተ ሰብን ግን ለወራትና ለዓመታት ስለሚፈትን ደዌ ነው። ሐኪሞች ስትሮክ ይሉታል። በየመንደራችን «ምች መታው»፣ «መጋኛ ነካው»፣ «ግማሽ ጎኑ ከዳው» ሲባል የምንሰማው አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነው። ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ በዚያ ሥር የሚመገበው የአንጎል ክፍል ይጎዳል፤ ያ ክፍል ያዝዘው የነበረው እጅ፣ እግር ወይም አንደበትም ይደክማል። ከመንሥኤዎቹ ዋነኛው የደም ግፊት ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ሕመም ሳያሰማ ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ይቆያል።

በጣና ዳር የሚኖር ቤተ ሰብ ይህ ሲደርስበት መጀመሪያ የሚፈትነው መንገዱ ነው። ከደቅ ደሴት የሚነሣው በጀልባ ሰዓታት ይጓዛል፤ ከዘጌ የሚመጣውም በጀልባ ወይም በመኪና ባሕር ዳር ይደርሳል። በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ታክሞ ሕይወቱ የተረፈ ሰው ግን በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጎጆው የሕክምና ቤት፣ ሚስቱ ወይም ልጁ ነርስ ይሆናሉ።

ሕዝባችን ሕመምተኛን በመጠየቅ አይታማም። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በሰው ይሞላል፤ ቡና ይፈላል፤ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ይባላል። በሁለተኛው ወር ደጃፉን የሚረግጥ ይሳሳል። ሰው ጨክኖ አይደለም፤ የጥየቃ ልማዳችን ቶሎ ለሚሽር ወይም ቶሎ ለሚያርፍ ሕመምተኛ የተሠራ ስለሆነ ነው። ከስትሮክ ማገገም ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። ፈጣኑ መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ገደማ ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ በዝግታ ይቀጥላል። እንግዲህ የእንቅስቃሴው ልምምድ የበለጠ ፍሬ የሚሰጥበትና ጠያቂ የሚጠፋበት ጊዜ አንድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ከእናንተ ጋር ልንመክርበት የፈለግነው ይህን ነው።

የአስታማሚዋን ቀን እንመልከት። ራሱን መገላበጥ የማይችለው ሰው ጀርባውና ዳሌው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ታገላብጠዋለች። ስታጎርሰው ቀና አድርጋ ታስቀምጠዋለች፤ ጉሮሮው የደከመ ሰው ተንጋሎ የሚጠጣው ውኃ ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላልና። ስታነሣው የደከመውን ክንዱን አትጎትትም፤ ትከሻው እንዳይጎዳ ከወገቡ ትደግፈዋለች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳያትን እንቅስቃሴ በየቀኑ ታሠራዋለች። መራመድ ሲጀምር ምርኩዙን በጤነኛው እጁ ታስይዘዋለች። በዚህ ላይ እንጀራው፣ ልብሱና ልጆቹ አሉ። የታመመው ጀልባ ቀዛፊ ወይም ከቡናው የሚያድር ገበሬ ከሆነ ገቢውም አብሮት ተኝቷል። ትልቋ ልጅ ከትምህርቷ የምትቀርበት ቤት አለ። እናቲቱም ሳታስቀድስ ወራት ይነጉዳሉ፤ የገዛ ወገቧን ብታመም የምትነግረው የላትም።

ከሥራው ይልቅ የሚከብደው ደግሞ የጠባይ ለውጥ ነው። ገር የነበረ አባት ይቆጣል፤ ያለ ምክንያት ያለቅሳል ወይም ይሥቃል፤ አለዚያም ዝም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ይህ ከአንጎሉ ጉዳትና ከኀዘኑ የሚመጣ ነው፤ ከስትሮክ ከተረፉት ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ በድባቴ እንደሚያዝ በሕክምናው ዘንድ የታወቀ ነው። ቤተ ሰቡ «ጠልቶን ነው» ወይም «ሌላ መንፈስ ገብቶበት ነው» ብሎ እንዳይደመድም ከንስሐ አባቱ የሚሰማው ቃል ትልቅ ዋጋ አለው። ንግግር የጠፋበት ሰው ማስተዋሉም ጠፋ ማለት አይደለም። የሚባለውን እያወቀ መልሱን ማውጣት ብቻ ሊያቅተው ይችላል፤ ስለዚህ በፊቱ እንደሌለ ሰው አይወራበት። ካህኑ አጭር ጥያቄ ጠይቆ ታግሦ ቢጠብቀው፣ ራሱን በመነቅነቅ ወይም በደኅናው እጁ በመጨበጥ ሊመልስለት ይችላል።

ስለ ጠበልም በግልጽ እንነጋገር። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ምእመናን ስለ ጠበሉ ብለው መድኃኒታቸውን እንዳይተዉ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ እንጂ የሚጋጩ እንዳልሆኑ አስተምረዋል። ያ ትምህርት ለደም ግፊት መድኃኒትም ያገለግላል። ግፊቱን ያወረደለት ክኒን ሳለ «ድኛለሁ» ብሎ ያቋረጠ ሰው ለሁለተኛ ስትሮክ ይጋለጣል። ስለዚህ ወደ ጠበል የሚሄድ ሕመምተኛ ክኒኑን ይዞ ይሂድ፤ መዋጥ የሚቸግረውም ጠበሉን ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ በባለሙያ ምክር፣ በጥቂት በጥቂቱ ይቅመስ። ሕመምተኛ ከዐቅሙ በላይ እንዲጾም እንደማይገደድ፣ የመድኃኒቱም ሰዓት መታለፍ እንደሌለበት ቤተ ሰቡ ከካህኑ አንደበት ሊሰማ ይገባል። ከሌላ ሰው ቢሰማው ልቡ አያርፍምና።

ታዲያ ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ? አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያሻም፤ ሰንበቴው፣ የጽዋ ማኅበሩና ዕድሩ በእጃችን ናቸው።

አንደኛ፣ በአጥቢያው በስትሮክ የተኙት ይመዝገቡ፤ ከእያንዳንዱ ሕመምተኛ ስም ቀጥሎ የአስታማሚው ስም ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ጥየቃው በተራ ይሁን፤ አንዱን ሳምንት ብቻ ሳይሆን ቢያንስ 12ቱን ሳምንታት ይሸፍን። ጽዋው ተራውን ጠብቆ ከቤት ወደ ቤት እንደሚዞር ይህም ይዙር። ተራ የደረሰው ሰው የሚሄደው ቡና ሊጠጣ አይደለም፤ አስታማሚዋ እንድትተኛ፣ ገበያ እንድትወጣ ወይም እንድታስቀድስ 2 ሰዓት ከሕመምተኛው ጋር ሊቀመጥ ነው። ለማንሣትና ለማጠብ ጉልበት ያላቸው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይመደቡ፤ አስቀድመውም አያያዙን ከባለሙያ ይማሩ።

ሦስተኛ፣ ለሕክምና ቀጠሮ የሚሆን የጀልባና የባጃጅ ሒሳብ ከበጎ አድራጎት ገንዘብ ይታሰብ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነታቸውም በእድሳት ጊዜ እንዳይቋረጥ የሚያስታውሳቸው ሰው ይኑር።

አራተኛ፣ ከጤና ጣቢያውና ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጋር በመነጋገር ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የደም ግፊት ይለካ። አንዱን ቤት ከዚህ ደዌ ማዳን አሥር ዓመት ከማስታመም ይቀልላል።

በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት የምናስበው መፃጉዕ በአልጋው ላይ 38 ዓመት ኖሯል። መጠመቂያው ሩቅ አልነበረም፤ የጸጸተው ውኃ ማጣቱ ሳይሆን ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱ ነበር። በአጥቢያችን ያሉት ሕመምተኞች አንድ ሰው አላቸው፤ አስታማሚያቸው አለች። እርሷ ግን ብቻዋን ናት፤ እርሷ የወደቀች ቀን ሁለት ሰው ይወድቃል።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ከዚህ ጉባኤ ስንመለስ የመጀመሪያው ሥራችን መዝገብ ከፍቶ ስም መጻፍ ይሁን፤ በሚመጣው ሰንበትም ከየአጥቢያው ቢያንስ አንዲት አስታማሚ፣ እኛ በቤቷ ተተክተንላት፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቅዳሴ ትምጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።