የበሬ ቀንበር ማታ ይወርዳል



«ሚስትህ ሥራዋ ምንድን ነው?» ብንባል ብዙዎቻችን «ሥራ የላትም፤ ቤት ነው የምትውለው» እንላለን። እስቲ የአንዲት የገጠር እናት ውሎ አብረን እንቁጠር።

ዶሮ ሲጮህ ትነሣለች። በረት ትጠርጋለች፤ ላም ታልባለች፤ እሳት ታነዳለች። ቁርስ አቅርባ ወደ ምንጭ ትወርዳለች። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። ጧትና ማታ ከቀዳች 40 ኪሎ ተሸከመች ማለት ነው። ስትመለስ እንጀራ ትጋግራለች። ጭሱ ዓይኗንና ሳንባዋን ይጎዳል። በአረምና በአጨዳ ጊዜ ደግሞ ሕፃኗን አዝላ እርሻ ላይ ናት። ማታ ባል በሬውን ፈትቶ ያርፋል። እሷ ግን ወጥ ትሠራለች፤ የባሏን እግር ታጥባለች፤ ሊጥ ታቦካለች። ከሁሉም ኋላ ትተኛለች።

በሬ እንኳ ማታ ቀንበሩ ይወርድለታል። የእሷን ቀንበር ማን ያውርድላት?

እኛው ነን። ውሃውን በአህያ እንጫን። ወንዱም ልጅ እንጨት ይልቀም፤ ሕፃን ይያዝ። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እንሥራ፤ ጭሱም ይቀንሳል። ያን ጊዜ እናትም ደብተሯን ይዛ ለመማር ጊዜ ታገኛለች።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።