ሳይጋጠሙ የተወሰደ ዋንጫ

አቅራቢ 1፦ እህቴ፣ ዛሬ ብዙዎች የረሱትን የዌምብሌይ ካፕ እናንሳ።

አቅራቢ 2፦ ሐምሌ 2001 ዓ.ም.፣ ለንደን! ባርሴሎና፣ ቶተንሃም፣ ሴልቲክና የግብፁ አል አህሊ። ባርሴሎና የስፔን ሊግን፣ የንጉሡን ዋንጫና የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ጠራርጎ ነው የመጣው።

አቅራቢ 1፦ ዋንጫውን ያነሳው ግን ሴልቲክ ነው። አል አህሊን 5 ለ 0፣ ቶተንሃምን 2 ለ 0።

አቅራቢ 2፦ ከባርሴሎና ጋር ግን አልተገናኘም! እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጨዋታ ብቻ አደረገ፤ ፍጻሜ የሚባል ነገር የለም። ደጋፊ የሚጠብቀው ያንን ፍልሚያ ነበር፤ ውድድሩ ዕድሜ ያጣው አንድም በዚህ ይመስለኛል።

አቅራቢ 1፦ የዝግጅት ጨዋታ እኮ ነው፣ እህቴ። አሰልጣኙ ቶኒ ሞውብሬይ ሴልቲክን ገና መረከቡ ነበር፤ ተጫዋቾቹን የሚያይበት መድረክ አገኘ። ለአሰልጣኝ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አቅራቢ 2፦ እሱስ ልክ ነህ። እኔን የቆረቆረኝ አል አህሊ ነው። ባርሴሎናም 4 ለ 1 ረታው፤ አፍሪካን የሚያስጨንቅ ቡድን በሁለት ጨዋታ 9 ግብ ተቆጠረበት።

አቅራቢ 1፦ ቢሆንም ራሱን ከትልቆቹ ጋር ለካ። የእኛ የቦንጋው ከፋ ቡናም ሊጉ ሳይጀመር ጠንካራ ቡድን ያስፈልገዋል። ጅማ አባ ጅፋር ጎረቤታችን ነው፤ ለምን አንጋብዘውም?

አቅራቢ 2፦ ይጋበዝ! ግን ሦስትም አራትም ቡድን ይሁን፣ ሁሉም እርስ በርሱ ይጫወት። ሜዳውም ከዝናቡ በኋላ ይደልደል፤ ጭቃ ላይ ተጫዋች እንዳይጎዳብን።