«ነጻ» ያልነው ሬዲዮ ዳታ ይበላል! እውነቱን ንገሩን!

(አዲሱን የኢንተርኔት ሬዲዮ አፕ ለማስተዋወቅ በተዘጋጀው ስብሰባ ላይ ያሰማሁት ንግግር)



ጭብጨባውን ቆጥቡልኝ። የጠራናችሁ እንድታመሰግኑን ሳይሆን እንድትወቅሱን ነው።

ማታ ማታ አባቴ ትራንዚስተሩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የአጭር ሞገዱን ቁልፍ በስሱ ሲያዞር አስታውሳለሁ። ገና «ዝም በሉ!» ከማለቱ ጣቢያው በ«ሽሽሽ» ይዋጣል። እኛ ልጆቹ ባትሪው ያለቀ ይመስለን ነበር። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ግን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ራሳቸው የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት የማፈን አቅም እየተገነባ መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። ባትሪው ምን በወጣው!

ኢንተርኔት ከሽሽታው ገላግሎናል፤ ከመዘጋት ግን አላዳነንም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ጊዜ ኢንተርኔቱ ለሳምንታት ጠፍቶ ከርሟል። ስለዚህ አልዋሻችሁም፤ መስመሩ ከተዘጋ የእኛም አፕ እንደ ድንጋይ ዝም ይላል። ያንን ትራንዚስተር አትጣሉት።

ደግሞም «ነጻ ነው» ስንል የሚነካው የለም ማለታችን አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ውስጥ የተጀመረው ሬዲዮ ጋርደን የዓለምን ጣቢያዎች በአንድ ሉል ላይ ሰብስቦ አሳየን። በ2022 እ.ኤ.አ. ግን በቅጂ መብትና በፈቃድ ጣጣ ምክንያት ብሪታንያ ያሉ አድማጮቹ የውጭ ጣቢያዎችን እንዳይሰሙ ተደረገ።

አሁን ወደ ኪሳችሁ ልግባ። አፑ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማስታወቂያም የለውም። ዳታው ግን የእናንተ ነው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሚልክ ጣቢያ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። በ32 ኪሎቢት ከሆነ ከ15 አያልፍም፤ ዘፈኑ ይሳሳል እንጂ ለወሬ ይበቃል። «ቆጣቢ» የምትለዋን ቁልፍ ያስገባነው ለዚህ ነው። ታዲያ ጣቢያው ራሱ ቀጭኑን ስርጭት ካላዘጋጀ ቁልፏ አትሠራም፤ እኛ ከየት እናመጣለን?

ለሙከራ ከሰጠናቸው ሰዎች አብዛኞቹ «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብለው ላኩልን። በዚህ አንድም ስህተት አይታረምም! አንዲት ቡና የምታፈላ እህት ግን፣ «ወንድሜ፣ ስልክ ሲደወልልኝ ሬዲዮው ይቆምና በዚያው ይቀራል። እጄ ረከቦት ላይ ነው፤ ማን ይነካልኛል?» አለችኝ። አፑን የሠራው ጓደኛዬ ሦስት ሌሊት አልተኛም። አሁን ጥሪው ሲያልቅ ሬዲዮው ራሱ ይመለሳል።

እንደሷ ንገሩን። «ተበላሸ» ብቻ አትበሉን። የትኛው ስልክ? የትኛው ጣቢያ? ስንት ሰዓት ላይ? በዋይፋይ ነው በሞባይል ዳታ? ምን እንደምታዳምጡ አንመዘግብም። ሬዲዮ የሰማ ሰው በጥርጣሬ የሚታይበትን ዘመን ስለምናውቅ ሆን ብለን ያደረግነው ነው። እናንተ ካልነገራችሁን እንግዲህ እኛ የምናውቀው ነገር የለም።

ወረቀቱ በየወንበሩ ላይ አለ። እስክሪብቶ ያልያዘ እጁን ያውጣ። ስማችሁን አትጻፉ።