ስለ ወጣቶቻችን የአይሮፕላን ሥራ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር

(በወርኃዊው ስብሰባ በማኅበሩ ጸሐፊ የቀረበ። ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



የውሃ ታንከሩንና የጥበቃውን ደመወዝ ጉዳይ ጨርሰናል። የቀረን አንድ ነገር ነው፤ እሱም በየብሎኩ ወጣቶች ስለሚሠሯቸው ትንንሽ አይሮፕላኖች። ሦስት ቤተሰቦች «ይቁምልን» ብለው በጽሑፍ አመልክተዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ከጋራ መገልገያው ቤት አንድ ክፍል ለዚሁ ሥራ ይሰጠን የሚል 26 ሰው የፈረመበት ማመልከቻ ደርሶናል። ስለዚህ እኛ የኮሚቴው ሰዎች ሁለት ቅዳሜ በየቤቱ ዞረን አየን፣ ጠየቅን፣ የሰማነውንም በደብተር ጻፍን። ሳንጨምር ሳንቀንስ እናቀርባለን። ድምፁ የእናንተ ነው።

አመጣጡን ለማስታወስ ያህል፤ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። ያን ጊዜ እንዴት እንደነበርን የምትረሱት አይመስለንም። በአንድ ክፍል ቤት አምስትና ስድስት ሰው ተፋጦ መዋል፣ ልጆች ደረጃው ላይ ሲሯሯጡ መጮህ፣ በትንሹ በትልቁ መነታረክ። በዚያ መሐል በአይሮፕላን ጥገና ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ አባታችን ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የወጣ ነጭ ፎም በምላጭ ቆርጠው፣ በኮሪደሩ ላይ ራቅ ብለው ቆመው ለልጆቹ አሳዩ። ሞተር የለው፣ ሬዲዮ የለው፤ በእጅ ተወርውሮ የሚንሳፈፍ ብቻ። በማግስቱ የየቤቱ ካርቶን ተፈተሸ።

ልጆቹ ጋሼ እያሉ ነው የሚጠሯቸው። ያስተማሯቸውም ነገር ቀላል አይደለም። ፎም በማስቲሽ አይያዝም፤ ማስቲሹ ፎሙን አቅልጦ ይበላዋል። የአናጢ ነጭ ኮላ ነው የሚሆነው፣ እስኪደርቅ ድረስ በስቴኪኒ ተወግቶ ይያዛል። ክንፉ እንዳይታጠፍ የቀርከሃ ስንጥር ከውስጡ ይገባል። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል፣ ፊቱ ክብ ሆኖ ኋላው ይሳሳል። ዋናው ግን ሚዛኑ ነው አሉን። ክንፉን ከሥሩ በሁለት ጣት ጫፍ ሲደግፉት፣ ከፊት ጠርዙ የክንፉን ስፋት ሩብ ያህል ወደ ኋላ ገባ ብሎ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ወርውረውት አፍንጫውን እያነሣ ቆሞ ቆሞ ከወደቀ አፍንጫው ቀሏል ማለት ነው፣ ሚስማር ይጨመርበታል። ወዲያው ከተደፋ ደግሞ ከብዷል። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ይህንን ሲያስረዳን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍነው እኛ ቆመን ሰማን። የምናፍርበትም ነገር አልታየንም።

ሌላም ነገር ሰማን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ በባሕር ዳር ካለው በሩብ ግድም የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ክንፍን በደንብ አይደግፍም። ስለዚህ ያው አይሮፕላን፣ ያው ክብደት ይዞ፣ እዚህ ሲበር በመቶ 15 ያህል መፍጠን አለበት፣ አለዚያ ክንፉ ሰፋ ይበል። ልጆቹ ከውጭ አገር ሰው ሥዕል ቀድተው ሲሠሩ እየወደቀባቸው የተቸገሩት ለዚህ ነበር። የቦሌ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር የረዘመበትም አንዱ ምክንያት ይኸው የአየሩ መሳሳት ነው። ስንት ዓመት ከጭንቅላታችን በላይ ሲያልፍ እያየን ይህንን አናውቅም ነበር።

በሽታው አለፈ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ብዙዎቹ ተዉት። ያልተዉት አሥራ አንድ ናቸው። ዛሬ ነገሩን ወደ ስብሰባ ያመጣው ግን አንድ ወጣት ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰብሮ፣ ብረት ገብቶለት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከተኛ ሰባት ወሩ ነው። ሕንፃችን አሳንሰር የለውም። ለሕክምና ካልሆነ አይወርድም፣ ሲወርድም በሰው ሸክም ነው። መጀመሪያ አካባቢ ከሰው ጋር አይነጋገርም ነበር። ጓደኞቹ ፎምና ምላጭ ይዘውለት ወጡ፤ እንግዲህ በሰባት ወር ዘጠኝ አይሮፕላን ሠርቷል፣ ሦስቱ ሞተር ያላቸው ናቸው። አልጋው ላይ ተደግፎ፣ የእንጀራ ሰፌድ ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የሚሠራው። እናቱን «አላስቸገረዎትም ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚውለው። አሁን ኮላ አለቀ፣ ብርጭቆ ወረቀት አምጪ እያለ ያዘኛል። ይዘዘኝ እንጂ!» አሉን።

ሞተር ያላቸውን ደግሞ እንዲህ ነው የሚሠሯቸው። ምናለሽ ተራ ሄደው የተበላሸ የኮምፒዩተር ሲዲ ማጫወቻ ይገዛሉ። በውስጡ ያለችውን ትንሽ ሞተር ሽቦዋን ፈትተው በወፍራም ሽቦ ይጠመጥሟታል፣ ጠንካራ ማግኔትም ይለጥፉላታል። ይህች ቀላል አይሮፕላን ታነሣለች። ከጭራው መሪ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ የብስክሌት ራጂ ነው። መሪውን የምትገፋና የምትስብ፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ ሰርቮ የምትባል ሞተር አለች። እሷና ሬዲዮው ብቻ አይሠሩም፣ ይገዛሉ። ሬዲዮው አንድ ነው፣ በተራ ይጠቀሙበታል። «ዲሻችንን ይረብሽብናል» ያላችሁ ነበራችሁ። ሬዲዮው እንደ ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ የሚሠራ ስለሆነ ከዲሽ ጋር አይገናኝም። ዝናብ ሲመጣ ሥዕሉ የሚቆራረጠው በልጆቹ አይደለም።

«የፈረንጅ ጨዋታ ነው፣ ምን ሊረባን?» ያሉም አባት አሉ። በሬዲዮ መምራቱን በተመለከተ ልክ ናቸው፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1937 አካባቢ ካበረሩት ቀደምቶች ውስጥ ሁለት መንትያ ወንድማማቾች ይገኙበታል፣ አይሮፕላናቸውም ዋሽንግተን ሙዚየም ገብቷል። የቤተሰባቸው ስም ጉድ ነው፤ እኛ አልጨመርንበትም። አይሮፕላን መሥራትን በተመለከተ ግን፣ በ1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ በተጀመረበት ዓመት፣ እዚሁ አዲስ አበባ «ፀሐይ» የተባለች አይሮፕላን ተሠርታ በርራለች። ሉድቪግ ዌበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር ነው የሠራት። ስሟም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ስም ነው። ጣሊያኖች ወስደዋት በሙዚየማቸው ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች። ስለዚህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው ለማለት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ክሱ እንምጣ፤ ከባዱ እሱ ነውና። ባለፈው ክረምት በአንደኛው ብሎክ መኝታ ቤት ውስጥ ቻርጅ ሲደረግ ያደረ ባትሪ ጨሶ ፍራሽና መጋረጃ ማቃጠሉን ታውቃላችሁ። ሰው አልተጎዳም እንጂ ሁለት ሕፃናት እዚያው ተኝተው ነበር። ያመለከቱት ቤተሰቦች ፍርሃት ከዚህ የመጣ ነው፣ እኛም ተገቢ ፍርሃት ነው እንላለን። የአይሮፕላኑ ባትሪ ሊቲየም ፖሊመር የሚባል፣ በቀጭን ፕላስቲክ የተጠቀለለ ነው። የእጅ ባትሪ ድንጋይ አይደለም። ከተወጋ፣ ከተጣመመ፣ ከልክ በላይ ከተሞላ ይነዳል። አንዷ ክፍሉ ከ4.2 ቮልት በላይ መሞላት የለባትም፣ ከ3 ቮልት በታችም መውረድ የለባትም። የቆመ እንደሆነ በ3.8 ግድም ነው የሚቀመጠው። 2,200 ተብሎ የተጻፈበት በ2.2 አምፔር ነው የሚሞላው፤ ቶሎ ይሙላልኝ ብሎ ከዚያ በላይ መልቀቅ የለም። ቻርጀሩም እያንዳንዷን ክፍል ለየብቻ የሚመዝን መሆን አለበት፤ ያገኙትን ቻርጀር መሰካት የለም። እንደ ዳቦ ያበጠ ባትሪ አበቃ፣ ቤት አይገባም።

ስለዚህ የኮሚቴው አቋም እንዲህ ነው። በመኖሪያ ቤት ባትሪ መሙላት ይቅር። በደረጃና በኮሪደርም ይቅር፤ እሳት ቢነሣ መውጫችን ያው ደረጃ ብቻ ነው። የጋራ መገልገያው ቤት ወለሉ ሲሚንቶ ነው። እዚያ በሸክላ ድስት ውስጥ ተደርጎ፣ የአሸዋ ባልዲ ከጎን ተቀምጦ፣ ሰው እየጠበቀው ይሞላ። ጠባቂው ሻይ ልጠጣ ብሎ ከወጣ መጀመሪያ ይንቀለው። የተቀጣጠለ እንደሆነ አንሥቶ ለመሮጥ መሞከር የለም፤ አሸዋ ደፍቶ፣ ከጭሱ ሸሽቶ፣ ሰው መጥራት ነው። ፕሮፔለሩም ጣት ይቆርጣል። ሞተር ሲሞከር ውልብልቢቱ ይፈታ፣ የግድ ካልሆነ በስተቀር አይገጠም፤ ሲገጠምም ማንም ሰው ከፊቱና ከጎኑ አይቁም።

ስለ ማብረሩ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም ክልክል ነው። ልጆቹ «የኛ ድሮን አይደለም፣ ካሜራ የለውም» ይላሉ። ነገር ግን በሬዲዮ እየተመራ ሰማይ ላይ የሚታይን ነገር የሚያይ ጥበቃ ካሜራ አለው የለውም ብሎ አይጠብቅም። በዚህ ምክንያት ሞተር ያለው አይሮፕላን ፈቃድ እስኪገኝ ድረስ ከመሬት አይነሣም። ለወረዳው ደብዳቤ ጽፈናል፣ መልሱ አልመጣም፤ ሲመጣ እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። እስከዚያ በኮምፒዩተር ላይ ባለው የማብረር መለማመጃ ይለማመዳሉ። እዚያ ቢወድቅ ፎም አይባክንም። በእጅ የሚወረወረውን ግን ቅዳሜ ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ ከብሎኮቹ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ያብርሩት። እዚያ የሚሰማ ድምፅም የለም፣ የልጆቹ ጩኸት ካልተቆጠረ በስተቀር።

ክፍሉን በሚመለከት «ለቅሶ ሲመጣስ?» የሚለውን ጥያቄ እኛም አንሥተናል። የእድሩ ድንኳንና ድስት ካለበት አይነካም። ወጣቶቹ ጠረጴዛውን ታጣፊ አድርገው ለመሥራትና ለቅሶ ወይም የበዓል ቅርጫ ሲኖር በአንድ ሰዓት ውስጥ ለማንሣት ፈርመዋል። መብራቱን ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ለታማሚው ወጣት ደግሞ አራት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በወንበር አውርደው በወንበር ሊመልሱት ተስማምተዋል፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ነው ይህ። እስከ ዛሬ የሠራው ሲበር ያየው ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆኖ ነው።

ካመለከቱት ሦስት ቤተሰቦች አንደኛው ይህንን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «ባትሪው ከቤት ከወጣ ተቃውሞ የለንም» ብለውናል። ሁለቱ ግን አሁንም አልተስማሙም። አንደኛው ምክንያታቸው የልጃቸው ትምህርት ነው፤ ውጤቱ ወርዷል፣ ሌሊት ፎም ሲቆርጥ ያድራል። በዚህ ላይ ኮሚቴው የሚፈርደው ነገር የለም፣ የወላጅ ጉዳይ ነው። እኛ ማድረግ የምንችለው ክፍሉ በትምህርት ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ እንዲቆለፍ ማድረግ ነው፣ ቁልፉም ከጥበቃው ዘንድ ይሆናል።

ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በጋራ መገልገያው ቤት ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው ይምጣ፣ የሚደግፍም የሚቃወምም። አዲስ ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ የገዛችሁ ፎሙን አትጣሉት፤ ከጥበቃው ጎጆ አስቀምጡ። ያበጠ ባትሪ በቤቱ ያለ ግን እሑድን ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ይንገረን።

የማኅበሩ ጸሐፊ