ከታብሌቱ በፊት መምህሯ
(ዋጃ ላይ ለቅድመ አንደኛ ደረጃ ሠልጣኝ መምህራን ከተደረገ ንግግር)



ነገሬን ላሳጥረው። በ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ ዜሮ ክፍል ገጠር ድረስ ገብቷል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን የ2 ዓመት ትምህርት አድርጎታል። ክፍሉ ተከፈተ፣ ልጁም መጣ። አሁን ብዙ ሰው «ታብሌት መቼ ይመጣልናል?» ይላል። እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ፦ ሲመጣስ ተዘጋጅቶ የሚቀበለው ማነው?

ፕላዝማን እናስታውስ። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ሲጀመር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይንቆረቆር ነበር። ተማሪው «አልገባኝም» ብሎ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አይቆምለትም። ብዙ ቦታ መምህሩ ከፍቶ የሚዘጋ ሰው ሆኖ ቀረ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ጠፋ። የ15 ዓመቱ ልጅ የተቸገረበትን የ5 ዓመቱ እንዴት ይችለዋል?

በሌላ በኩል በ1998 ዓ.ም. የጀመረውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን እዩ። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ያዘጋጀችው ነው። ፀሐይ ከካልሲ የተሠራች ቀጭኔ ናት፤ በአማርኛ ታወራለች፣ ልጆች ወደዷት። ሕፃን የሚያውቅ መምህር ሲይዘው ካልሲም ቴክኖሎጂ ይሆናል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ወርቁ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ነው።

አንደኛ፣ ራሳችሁን ቅረጹ። ስታስተምሩ ጓደኛችሁ 10 ደቂቃ በስልክ ይቅረጻችሁ። ማታ አብራችሁ እዩት። እናንተ ስንት ጊዜ ተናገራችሁ? ልጆቹስ? ጠይቃችሁ ታገሣችሁ ወይስ መልሱንም ራሳችሁ መለሳችሁ? ጥግ ላይ ተቀምጦ ማንም ያላየው ልጅ የትኛው ነው? ይህን በየሳምንቱ ያደረገ ሠልጣኝ ተመርቆ ሲወጣ ከርሞ ጥጃ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ የአያቶቻችሁን ተረት ቅዱ። ሚሞሪ ላይ ጫኑትና በትንሽ ስፒከር አሰሟቸው። መሐል ላይ አቁማችሁ «ቀጥሎ ምን የሆነ ይመስላችኋል?» በሉ። ፕላዝማው ያልቻለው ይህችን ማቆም ነው። ዋጃ ላይ አማርኛም ትግርኛም ይሰማል፤ ቤቱ ትግርኛ የሚያወራ ልጅ ካለ እሱም በእናቱ ቋንቋ የተቀዳ ተረት ይኑረው።

ሦስተኛ፣ ያለ ኔትወርክ መሥራትን ልመዱ። በጦርነቱ ጊዜ መብራትም ስልክም ለወራት ጠፍቶ መክረሙን ለራያ ሰው አልነግረውም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ ነበር። ዳታ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ መምህር በዚያን ቀን እጁ ባዶ ነው። ፋይሉን በብሉቱዝ ተቀባበሉ። ባትሪው ካለቀ የማሽላ ፍሬ፣ ቆርኪና ጠጠር አለ፤ ቁጥር በእነሱም ይቆጠራል።

ሁለት ነገር ግን አደራ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን የሚያይበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ እንደሚሻል ይመክራል። ስለዚህ ስልኩ ለእናንተ መማሪያ ይሁን፤ ልጁ ይሩጥ፣ ይዝፈን፣ አፈር ይንካ። ሁለተኛው፦ ለመማሪያ የቀረጻችሁት የልጅ ፊት ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ አይውጣ። ወላጅ ልጁን የሰጣችሁ ለላይክ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ በስልክ የምታነብ ወጣትም ድርሻ አለህ። የማትጠቀምበት አሮጌ ስልክ፣ ሚሞሪ ወይም ስፒከር ካለህ በሰፈርህ ላለችው የዜሮ ክፍል መምህርት ስጣት። ከቻልክ ቁጭ ብለህ አጠቃቀሙን አሳያት። እናንተ ሠልጣኞች ደግሞ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እያንዳንዳችሁ አንድ ተረት ቀድታችሁ ኑ። 20 ሰው ቢመጣ 20 ተረት ይዘን እንወጣለን፤ ታብሌት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሥራ የለንም።